አሳው ይጣፍጣል፣ ደም ሥሩ ግን ሌላ ጉዳይ ነው
«የጣና አሳ አርጊኒን ስላለው ደም ሥር ይከፍታል» የምትለዋ አባባል ላይ ቆም እንበል፤ አርጊኒን ከፕሮቲን መሥሪያ ንጥረ ነገሮች (አሚኖ አሲዶች) አንዱ ነው። እኔም ባሕር ዳር ሐይቁ ዳር አሳ ጥብስ ከማያመልጣቸው ነኝ፤ ጠላቱ አይደለሁም። አርጊኒን ወደ ደም ሥር ውስጠኛ ሽፋን ሴሎች በዋናነት የሚገባው ካት-1 በሚባል ፕሮቲን በኩል ነው። እዚያ አንድ ኢንዛይም ናይትሪክ ኦክሳይድ የሚባል ጋዝ ይሠራበታል፤ ደም ሥሩም ላላ ይላል። ግን ጤነኛ ሰው ሴል ውስጥ ያለው አርጊኒን ድሮውንም ለኢንዛይሙ ከበቂ በላይ ነው። ሴሉ ጋዙ ሲሠራ አብሮ የሚወጣውን ሲትሩሊን የሚባል ንጥረ ነገርም መልሶ አርጊኒን ያደርገዋል፤ ቆጣቢ ነው። ጂም ለሚሠሩ ሰዎች የሚሸጠውን የአርጊኒን ዱቄት ለምታስብ ወንድሜ፦ ከምትውጠው አርጊኒን ብዙው ገና አንጀትና ጉበት ላይ ይሰባበራል። ሲትሩሊን ግን ጉበትን አልፎ ኩላሊት ውስጥ አርጊኒን ይሆናል። ሐብሐብ ውስጥ ሞልቷል፤ ዋጋውም ከዱቄቱ በጣም ይረክሳል።