ሞልቷል፣ በሩን ዝጋው!

ታክሲ ውስጥ በጣም የማደንቀው ሰው መጨረሻ የገባው ነው። እግሩ ደፉ ላይ እያለ ምን የማይለው አለ? «ጠጋ ጠጋ በሉ እንጂ! ሰው አይደለንም እንዴ? ሁላችንም ቤታችን ነው የምንሄደው!» ስለ እኩልነት እንዲህ ያማረ ንግግር ፓርላማም አይሰማም። ተጠጋጉለት። ገባ። ግማሽ ጎኑን አሳረፈ። ወዲያው ልጅ ያዘለች ሴት በሩ ጋ ስትደርስ ቀድሞ የሚጮኸው ማን ነው? እሱው ነዋ። «ረዳት! ሞልቷል እኮ፣ በሩን ዝጋው!»

ይህን ሰው የምትሰድቡ ተሳስታችኋል። በሦስት ሰከንድ ከተበዳይነት ወደ ባለቤትነት መዛወር ተሰጥኦ ይጠይቃል። እኔ ብሆን ሐውልት አቆምለት ነበር። ደግነቱ ቆሞለታል፤ ሲድኒ ዩኒቨርሲቲ፣ ትልቁ አዳራሽ ውስጥ። ስሙ ዊልያም ቻርልስ ዌንትወርዝ ነው። እንግሊዝ እስረኞቿን ወደ አውስትራሊያ ታግዝ በነበረበት የቅኝ ግዛት ዘመን፣ ሲድኒ ባለችበት በኒው ሳውዝ ዌልስ ባለ ርስት፣ ጠበቃና ፖለቲከኛ ነበር። እሱ የተሳፈረው ታክሲ ሳይሆን አህጉር ነው። (ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጠራው።)

አገባቡን እንይለት። እናቱ ካትሪን ክራውሊ ልብስ ሰርቃ የሰባት ዓመት ግዞት የተፈረደባት እስረኛ ናት። አባቱ ዳርሲ ሐኪም ነው፤ እንግሊዝ አገር በመንገድ ላይ ዘረፋ ደጋግሞ ተከሶ ደጋግሞ ነፃ የወጣ ሐኪም። መጨረሻ ላይ ነፃ ተብሎ በገዛ እግሩ የእስረኞች መርከብ ላይ ወጣ። ሁለቱ የመጡት በአንድ መርከብ ነው። ዊልያም በዚያው በ1790 ተወለደ። የሲድኒ «ጨዋ» ቤተሰቦች እንዲህ ያለውን ዘር ለሻይ አይጠሩም። ልጁ እንግዲህ ከደፉ ውጭ ቆሞ ነው ያደገው።

በ1813 ከሁለት ባልንጀሮቹ ጋር ሰማያዊ ተራሮች የሚባሉትን «ለመጀመሪያ ጊዜ» ተሻገረ። የአገሩ ነባሮች ለሺህ ዓመታት ይመላለሱበት ነበር። እነሱ ግን መሻገራቸውን ለገዥው አላስመዘገቡም፣ ስለዚህ አልተሻገሩም። ሦስቱ ሰዎች ለእያንዳንዳቸው 1,000 ኤከር ተሸለሙ። በእኛ ልክ 10 ጋሻ ገደማ ነው። ተራራ መውጣት እንዲህ እንደሚያበላ ቢታወቅ እንጦጦ ላይ ቦታ አይገኝም ነበር።

ከዚያ ለንደን ሄዶ ሕግ ተማረ። በ1824 ከጠበቃ ጓደኛው ጋር ጋዜጣ አቋቋመ፤ የመንግሥት ፈቃድ ሳይጠይቅ። «ጠጋ በሉ!» የሚለው ዘመኑ ይህ ነው፤ እውነቱን ለመናገር አምሮበታል። ሰው በእኩዮቹ ጉባኤ ፊት ይዳኝ አለ። ሕዝብ የመረጠው ምክር ቤት ይኑረን አለ። ግዞቱን የጨረሰ እስረኛ እንደ ማንም ዜጋ ይቆጠር አለ። ገዥው ዳርሊንግ «ባለጌ፣ ያልተገራ» ሲል ጻፈበት። ዳርሊንግ በ1831 ተሽሮ ሲሄድ ዌንትወርዝ ግቢውን ከፍቶ በሬ ጠበሰ፣ መጠጥ አፈሰሰ። ወደ 4,000 ሰው መጥቶ በላ ጠጣ ይባላል። ያን ቀን በሩ ወለል ብሎ ነበር።

በመሀል ትዳርም አለ። ሴራ ኮክስ የምትባል፣ እናት አባቷ እስረኞች የነበሩ ልጅ፣ ላገባሽ ነው ብሎ የከዳትን ካፒቴን በ1825 ከሰሰች። ጠበቃዋ ዌንትወርዝ 100 ፓውንድ አስፈረደላት። ቀጥሎ ልጆች ወለደችለት። በ1829 ተጋቡ። ደንበኛን እስከ መጨረሻ መከታተል ማለት ይህ ነው። የጨዋ ቤት ሚስቶች ግን ደጇን አልረገጡም።

አሁን ወደ ተሰጥኦው እንምጣ። ሰውየው ተቀመጠ። በግ ረባ፣ መሬት ሰፋ። መሬት ሲሰፋ ደግሞ ሳንባ ይጠባል መሰለኝ፤ ትንፋሽ የሚያጥረው «ሕዝብ» የሚለው ቃል ላይ ነው። በ1840 እሱና ባልደረቦቹ ሲድኒ ከመጡ የማኦሪ አለቆች ጋር ተዋውለው ከኒውዚላንድ አንድ ሦስተኛ ያህሉን ገዛን አሉ። 200,000 ጋሻ መሆኑ ነው። እንዲህ ያለ ውል ለሚያፈርም ጠበቃ ኮፍያዬን አነሳለሁ። የዚያን ጊዜው ገዥ ጊፕስ ግን ውሉን በሕግ አፈረሰበት። ዌንትወርዝ ዕድሜ ልኩን ቂም ያዘ። የሰው ኒውዚላንድ መቀማት እንዴት ይረሳል?

በ1843 ምክር ቤት ገባ። በሚቀጥለው ዓመት የነባሮቹ ምስክርነት ፍርድ ቤት ይቀበለው የሚል ረቂቅ መጣ። ያ የእኩዮች ጉባኤ ያለው ጠበቃ ተነሣ። የእነሱን ቃል መቀበል የጦጣ ጫጫታ ከመቀበል አይለይም አለ። ለበጎቹ ጉልበት ሲያጥረው ደግሞ እስረኛ ጭኖ ማምጣት ይመለስ ብሎ ተከራከረ። የእስረኛ ልጅ ነው፤ ጥቅሙን ያውቃል።

እርግጥ ዩኒቨርሲቲውን በ1850 ያስጀመረው እሱ ነው፤ ለሁሉም ክፍት ይሁን ብሏል፤ ይህን አንነጥቀውም። ሰው ሁልጊዜ በር ሲዘጋ አይውልም፣ ክንዱ ይዝላል።

ዋናው ጥበብ ግን በ1853 ነው። ሕገ መንግሥት አርቅቅ ተባለ። አረቀቀ። የላይኛው ምክር ቤት ውስጥ ከአባት ወደ ልጅ የሚወርድ የባላባት ማዕረግ ይኑር አለ! ልብስ የሰረቀችው የካትሪን ልጅ፣ በመንገድ ዘረፋ የተከሰሰው የዳርሲ ልጅ፣ ዘር ይቆጠር አለ። ከእኔ ይጀመር ማለቱ ነው። ከእሱ በፊት ያለው ቢቆጠርማ ጉድ ነው።

ዳንኤል ዴኒሂ የሚባል ወጣት፣ እሱም የእስረኞች ልጅ፣ ሲድኒ ውስጥ ቲያትር ቤት መድረክ ላይ ወጥቶ «የበንዪፕ ባላባቶች» አላቸው። በንዪፕ ነባሮቹ በተረት የሚያወሩለት፣ ኩሬ ውስጥ የሚኖር ጭራቅ ነው። ሰው ሁሉ ይሰማዋል፣ ያየው የለም። አዳራሹ በሳቅ ተናወጠ። ማዕረጉም በሳቅ ቀረ። ክርክር ያላቆመውን ሰው አንድ ስም አቆመው።

ይህን ሁሉ ያነበብኩት እዚሁ ሲድኒ፣ አንድ ጋሼ ቤት ቡና ከጠጣሁ በኋላ ነው። ጋሼ ጀበናው ሁለተኛ ሳይደገም ስደተኛ በዛ ብለው ጀመሩ።

«መንግሥት ምን ነካው? በሩን አይዘጋም እንዴ?»

«ጋሼ፣ እርስዎ በየት በኩል ነበር የመጡት?»

«በካርቱም። አራት ዓመት ጠብቄ።»

«ታዲያ እነሱም እኮ...»

«የኛማ ሌላ ነው!»

ቤቱ ውስጥ የነበርነው ሁሉ ራሳችንን ነቀነቅን። የኛማ ሌላ ነው። ይህን ሐረግ ዌንትወርዝ ቢያገኘው ሕገ መንግሥቱ አንድ መስመር ይሆን ነበር።

ሰውየው እርጅናውን እንግሊዝ ጨረሰ። በ1872 እዚያው ሞተ። በሚቀጥለው ዓመት ሬሳው በመርከብ መጥቶ ሲድኒ ውስጥ በመንግሥት ሥርዓት ተቀበረ፤ መንገዱ በሕዝብ ተጨናንቆ ነበር። ዛሬ ፏፏቴው በስሙ ነው፣ ከተማ በስሙ አለ፣ የምርጫ ክልልም በስሙ አለ። የምርጫ ክልሉ በአገሪቱ እጅግ ሀብታሞቹ ከሚኖሩባቸው አንዱ ነው። ስም እንዲህ ቦታውን ሲያውቅ ደስ ይላል።

ቮክሉዝ የሚባለው መኖሪያ ቤቱ አሁን ሙዚየም ነው። ባለፈው ቅዳሜ ከጓደኛዬ ጋር ሄድኩ። ግንብ ግንብ የሚመስል ጫፍ፣ ሰፊ በረንዳ፣ ሣሩ እስከ ባሕሩ አቅጣጫ ይወርዳል። ዞርን ዞርን፣ ዋናው በር ጠፋን። ለካ የለውም! ትልቁ መግቢያ ሳይሠራ ቀርቷል። ያን ሁሉ ዘመን በር ሲዘጋ የኖረ ሰው ለራሱ የፊት በር ሳያወጣ ቀረ። እንግዳ በጎን ነው የሚገባው።

እኛም በጎን ገባን። የቀይ ምንጣፉን፣ የሥዕሎቹን ነገር እያየን በጠባቡ ኮሪደር ስናልፍ ከኋላችን አንድ ቤተሰብ የልጅ ጋሪ እየገፋ ገባ። ከእነሱ ኋላ ሌሎች አሉ። ጓደኛዬን በክርኔ ነካ አድርጌ፣ ማንም እንዳይሰማኝ በአማርኛ፣ «ኧረ ሰዉ በዛ! ለምን ትንሽ አይገድቡም?» አልኩት።