የሞላነው መጠይቅ የት ደረሰ?

ዛሬ ልጽፈው ነው። ሆዴ ውስጥ ከርሞ ከርሞ አቃጠለኝ።

ደሴ ውስጥ የኮምፒውተር ጽሕፈት፣ የፎቶ ኮፒና የጥረዛ ሱቅ አለኝ። ዘንድሮ 9ኛ ዓመቴ ነው። ግንቦትና ሰኔ ሲመጣ የመመረቂያ ጽሑፍ ይጎርፍብኛል። ከጠዋቱ 2 ሰዓት ጀምሮ እስከ ማታ 3 ሰዓት እጽፋለሁ፣ አትማለሁ፣ እጠርዛለሁ። በእጄ ያላለፈ የትምህርት ዘርፍ የለም ብል ማጋነን አይሆንብኝም። ጠዋት የኮምቦልቻ ፋብሪካ ሠራተኞች ለምን ሥራ እንደሚለቁ የሚያጠና የማኔጅመንት ሥራ እጽፋለሁ። ረፋድ ላይ አቀንጭራ የሚባለው የማሽላ አረም ነው። ከምሳ በኋላ የነፍሰ ጡር እናቶች የደም ማነስ። ማታ ደግሞ የባቲ ሰኞ ገበያ የግመል ንግድ። አንዳንዱን ሳነበው እጄ ኪቦርዱ ላይ ቀጥ ይላል። እውነቴን ነው፣ ጥሩ ሥራ አለ። ልጆቹ ፀሐይ ላይ ዞረው፣ አቧራ ጠጥተው ያመጡት ነው።

እኔን የሚያናድደኝ ከዚያ በኋላ ያለው ነው። ይህ ሁሉ ጥናት የተሠራው በእኛ ነው። በደሴ ነጋዴ፣ በሐይቅ ዓሣ አጥማጅ፣ በባቲ ግመል ሻጭ፣ ጤና ጣቢያ ወረፋ በያዘች እናት። ውጤቱ ግን ወደ እኛ አይመለስም።

ሦስተኛው ምዕራፍ ላይ ሁሌም አንድ ቀመር አለ። የናሙና ቀመር ነው፤ ከሕዝቡ ስንት ሰው መጠየቅ እንደሚበቃ የሚያሰላ። ያማኔ፣ 1967 ይላል፤ የአውጪው ስምና የታተመበት ዓመት በእ.ኤ.አ. ነው። በቃሌ ይዤዋለሁ። የስህተት ልኩ 5 በመቶ ሲሆን፣ 10,000 ሕዝብ ካለ 385 ሰው ይበቃል። ብዙዎቹ መጠይቁን የማይመልስ ሰው ይኖራል ብለው 10 በመቶ ይጨምራሉ። ለጻፈው ልጅ ቁጥር ነው። እኔ ግን ሰዎቹን አውቃቸዋለሁ። ሱቁን ትቶ ቁጭ ብሎ የሞላ ሰው ነው። እንጀራዋ እያረረባት በር ላይ ቆማ የመለሰች እናት ናት። እንግዳ ነው ብላ ቡና አፍልታ ያጠጣችም አለች፤ ወሎ ነውና።

ጎረቤቴ እህል ነጋዴ ናቸው። ጋሼ ነው የምላቸው። በእኔ ቆጠራ መጠይቅ ሲሞሉ 6ኛቸው ነው። "የብድር አቅርቦቱ በቂ ነው" ይላል ወረቀቱ። በጣም እስማማለሁ፣ እስማማለሁ፣ ገለልተኛ፣ አልስማማም፣ በጣም አልስማማም። ጋሼ መነጽራቸውን አድርገው፣ እያንዳንዱን አንብበው፣ አስበው ነው ምልክት የሚያደርጉት። እንደ ፈተና። ባለፈው ሳምንት መጥተው "ልጄ፣ ያ አምና ስለ ብድር የጠየቀን ልጅ ምን አገኘ? የምናስተካክለው ነገር ካለ እኮ ብናውቀው" አሉኝ። ምን ልበላቸው? ጥናቱን እኔው ነኝ የጠረዝኩት። ምን እንደሚል አውቃለሁ። በየዕለቱ ሒሳብ የሚይዙት ነጋዴዎች ከማይዙት ይልቅ ብድር አግኝተዋል ይላል። ጋሼ ሒሳባቸውን በጭንቅላታቸው ነው የሚይዙት። ይህችን አንዲት ዓረፍተ ነገር ማን መጥቶ ነገራቸው?

አሁን ወደ ልጄ ልምጣ። ይህን ጽሑፍ ያስጀመረኝ እሱ ነው።

አምና ጥቅምት ላይ አንዲት ተማሪ የሥዕል ካርድ ልታሳትም መጣች። በቅሎ፣ ቀበሮ፣ ጠርሙስ፣ ጨረቃ፣ በር፣ ዶሮ። በቀለም፣ በወፍራም ወረቀት። ጥናቷ የልጆች አፍ መፍታት ላይ ነው። የትኛው ድምፅ በስንት ዓመት ይመጣል፣ የትኛው ይዘገያል። ልጄ የወረቀት ካርቶን ሥር ተቀምጦ ይጫወት ነበር። "ስንት ዓመቱ ነው?" አለችኝ። አራት። "ላስገባው?" ደስ አለኝ። የስምምነት ፎርሙን ፈረምኩ። ፎርሙ ጥናቱ ለእርስዎ ቀጥተኛ ጥቅም ላይኖረው ይችላል፣ ለኅብረተሰቡ ግን ይጠቅማል ይላል። ይህን ዓረፍተ ነገር ስንት ጊዜ እንደጻፍኩት አላህ ይወቀው።

ጓዳ በርጩማ ላይ አስቀመጠችው። ስልኳን መቅጃ ላይ አድርጋ ካርድ ታነሳለች። ቀበሮውን "ተበሎ" አለ። በቅሎዋን "በትሎ"። ዶሮውን "ዶሎ"። በሩን "በል"። እኛ ቤት ይህ የሚጣፍጥ ነገር ነው። አያቱ ደጋግሞ እንዲል ከረሜላ ትሰጠዋለች። ከዚያ ተማሪዋ ሌላ ነገር አደረገች። ካርዶቹን መሬት ላይ ደርድራ አፏን በወረቀት ሸፈነች። ቃሉን ራሷ ትላለች፤ እሱ ሥዕሉን ይነካል። አፏን እያየ ሲሆን አንድም አልሳተም። ስትሸፍነው ግን ጠርሙስ ስትለው ቀበሮውን ነካ። ጨረቃ ስትለው ዶሮውን። እኔ ፎቶ ኮፒ እያነሳሁ ነበር። አየሁት፣ ሳቅሁ፣ አለፍኩት። እሷ አልሳቀችም። ማስታወሻዋ ላይ ጻፈች።

ስትሄድ "ሲያልቅ ውጤቱን መጥቼ እነግርሻለሁ" አለችኝ። "አብሽሪ" አልኳት።

ጥቅምት አለፈ። ሰኔ ላይ ጽሑፉ በፍላሽ መጣ። እሷ አልመጣችም፤ ጓደኛዋ ናት ያመጣችው። አምስት ኮፒ፣ በጠንካራ ሽፋን። ገጹን ሳስተካክል አንድ ሠንጠረዥ ላይ ዓይኔ ቆመ። ልጅ 14። ወንድ፣ 4 ዓመት። ካርዶቹን አወቅኋቸው። ወረድ ብላ ጽፋለች፦ ልጅ 5፣ ልጅ 9 እና ልጅ 14 አፍ ሲሸፈን የሚሰሙትን ቃል አይለዩም፤ የመስማት ምርመራ ቢደረግላቸው መልካም ነው። በእንግሊዝኛ ነው የተጻፈው። እኔ በየቀኑ ስለምጽፈው ገባኝ እንጂ የትኛዋ እናት ታነበዋለች?

ማሽኑን አጠፋሁት። ቁጭ አልኩ። ቴሌቪዥኑን ለምን ከፍ እንደሚያደርግ፣ ከኋላው ስጠራው ለምን እንደማይዞር፣ እኔም "ጆሮ ዳባ" እያልኩ ስንቴ እንደተቆጣሁት፣ ሁሉም መጣብኝ። በማግሥቱ ሆስፒታል ወሰድኩት። ከጆሮው ታምቡር ጀርባ ፈሳሽ ተጠራቅሟል። ጉንፋን ሲመላለስበት የከረመ ልጅ ነው። ሐኪሙ እንደነገረኝ እንዲህ ያለው ብዙ ጊዜ በራሱ ይደርቃል፤ ሲቆይ ግን ልጁ በሚሰማበት ዕድሜ ሳይሰማ ያልፍበታል፣ ንግግሩም ይጎተታል። ክትትል ጀመርን። አሁን ደህና ነው። "ቀ"ን ይላታል። "ር" ገና ናት። እሷ ግን ለብዙ ልጆች ዘግይታ ነው የምትመጣው። ይህንንም ከዚያው ጥናት ነው ያወቅሁት።

ስምንት ወር ሙሉ ይህ ነገር በአንድ ማስታወሻ ላይ ተጽፎ ተቀምጧል። አንድ የስልክ ጥሪ ይበቃ ነበር።

ልጅቷን አልጠላኋትም። ደወልኩላት፣ አለቀሰች። ገንዘቡ ከኪሷ ነው። አማካሪዋን በወር አንዴ ነው የምታገኘው። የማስረከቢያው ቀን ደርሶባታል። ከሁሉም በላይ ደግሞ ወደ ሰዎቹ ተመለሺ ያላት የለም። ስትፈተን የጠየቋት ስለ ቀመሩ፣ ስለ ሠንጠረዡ፣ ስለ ገጽ አቀማመጡ ነው። "ለእናቶቹ ነገርሻቸው ወይ?" ብሎ የጠየቃት አልነበረም። አምስተኛው ምዕራፍ ላይ "ለሚመለከተው አካል" ተብሎ ምክር ይጻፋል። የሚመለከተው አካል እኮ እኔ ነበርኩ። እናቱ።

ጥናት አይጠቅምም የሚል ሰው አለ። እኔ እንደዚያ አልልም። አያቴ ከሞተች 7 ዓመቷ ነው። የ1966ቱን ረሃብ በዓይኗ ያየች ናት። ሁሌ የምትለው አንድ ነገር ነበር፦ "እህልማ ደሴ ነበር። መግዣው ነው የጠፋው።" ሰው አያምናትም። ድርቅ ነው እንጂ ይላታል። በኋላ የአንድ የኢኮኖሚክስ ተማሪ ጽሑፍ ስጽፍ አማርትያ ሴን የሚል ስም አገኘሁ። ሕንዳዊ ነው፤ በ1998 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት ያገኘው። በ1981 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ሥራው የእኛን ረሃብ አጥንቶታል። በረሃቡ ዓመት ደሴ ገበያ የእህል ዋጋ ከወትሮው ብዙም እንዳልራቀ፣ እህልም ከወሎ ወደ አዲስ አበባና ወደ አስመራ ይወጣ እንደነበር ጽፏል። ከብቱ ያለቀበት፣ ማሳው የደረቀበት ሰው የሚገዛበት አጥቶ ነው ያለቀው። አያቴ ያለችውን ነው ያለው! ሳትሰማው ሞተች። ትክክል ነበርሽ የሚላት ሰው ሳታገኝ።

ሌላም አለ። ከእኛ ቁልቁል አፋር ምድር፣ ዲኪካ ላይ፣ በ2000 እ.ኤ.አ. የሦስት ዓመት ግድም ሕፃን ቅሪት አጽም ተገኝቷል። ሰላም ብለው የሰየሟት። 3.3 ሚሊዮን ዓመት ቆይታለች። የቅሪተ አካል ተመራማሪው ዶክተር ዘረሰናይ ዓለምሰገድ ድንጋዩን ከአጥንቷ ላይ ፍቆ ለማንሳት ከ5 ዓመት በላይ ፈጅቶበታል። ምላስ ሥር የምትገኘው ትንሿ አጥንት ሳትቀር ተገኝታለች፤ ስለ ድምፅ አወጣጥ የምትናገር አጥንት ናት። ይህን ስሰማ ኮርቻለሁ። በ2006 እ.ኤ.አ. ውጤቱ ሲወጣ ዓለም ሁሉ ሰምቷል። ታዲያ የዛሬ ልጅ ጉሮሮና ጆሮ ሲጠና እናቱ እንኳን ብትሰማ ምን አለበት?

በእኛ አገር ደግሞ ተማሪና ሕዝብ እንዲህ አልነበሩም። ወሎ የደረሳና የቆሎ ተማሪ፣ የመስጊድና የቤተ ክርስቲያን ተማሪ አገር ነው። ደረሳው የሕዝቡን ቂጣ በልቶ ነው ኪታብ የሚቀራው። የቆሎ ተማሪውም "በእንተ ስማ ለማርያም" እያለ ነው ያደገው። ተምሮ ሲያበቃ ግን ያበላው ሕዝብ ዘንድ ነው። ሲታመም ቁርኣን ይቀራለታል፣ ሲሞት ይፈታዋል፣ ልጁን ያስተምርለታል፣ ሲጣላ ያስታርቀዋል። አበላሁት የሚል ሰው ያበላውን ልጅ መልሶ ያየው ነበር።

የምጠይቀው ትልቅ ነገር አይደለም። አንድ ገጽ። በአማርኛ፣ ወይም በአፋርኛ፣ ወይም በኦሮምኛ፤ መጠይቁ በተሞላበት ቋንቋ። ምን ጠየቅን፣ ምን አገኘን፣ እናንተ ምን ብታደርጉ ይሻላል። ነጋዴዎቹ ጋ ሄዶ ማንበብ። እድር ሲሰበሰብ ሩብ ሰዓት መለመን። ጤና ጣቢያው ግድግዳ ላይ መለጠፍ። አማካሪዎችም ያችን ገጽ ሳያዩ ባይፈርሙ። ለሽፋኑ ቀለም ሦስት ጊዜ የሚመላለስ ተማሪ ለዚህ አንዴ ቢመላለስ አይጎዳም።

እኔ ከዘንድሮ ጀምሮ እኔ ጋ ለሚያስጠርዝ ተማሪ ያችን አንድ ገጽ በነፃ እጽፍለታለሁ። 20 ኮፒም አነሳለታለሁ። ወረቀቱ የእኔ ነው። የጋሼን ጥናት ራሴው በአማርኛ አሳጥሬ ሰጥቻቸዋለሁ። ትናንት ባለ መስመር ደብተር ገዝተው አየኋቸው።

አሁን አንድ ነገር ቀርቶኛል። ልጅ 5 እና ልጅ 9። እናቶቻቸው የጥረዛ ሱቅ የላቸውም። አጥኚዋ ምስጢር ለመጠበቅ ብላ ስም አልመዘገበችም፤ ስልካቸውም የላትም። ልጅ 5ን በስንት ፍለጋ አገኘነው። ሱቄ አጠገብ ካለ መዋዕለ ሕፃናት ነው፣ አባቱ ወስዶ አስመርምሮታል። ልጅ 9ን ግን እስካሁን አላገኘናትም። ሴት ናት። ያኔ 3 ዓመት ከ10 ወር ነበረች፣ አሁን አምስት ሊሆናት ነው። የተቀዳችው ጥቅምት ላይ፣ ደሴ፣ ሸዋ በር አካባቢ አንድ ግቢ ውስጥ ነው። አንዲት ቀጭን፣ ነጠላ ያጣፋች ተማሪ መጥታ የበቅሎና የቀበሮ ሥዕል ያሳየቻት ልጅ ካለች፣ የእናንተም ባትሆን የጎረቤት ብትሆን፣ እባካችሁ ለእናቷ ንገሯት። ጆሮዋን ታሳያት።