ይሉኝታ የማያውቀው ተቀባይ

በእጅ የተሠራ የሕፃን ስጦታ ሲሰጥ የሚባለው ያው ነው። «እጅሽ ይባረክ! ይሄን ሁሉ ራስሽ ነሽ የሠራሽው?» ስጦታው ከፍ ተደርጎ ይገላበጣል፣ ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል፣ ፎቶ ይነሣል። ባለቤቱ ግን ገና አልተናገረም። ባለቤቱ ለሃጩን የሚያዝረበርብ፣ ይሉኝታ በአጠገቡ ያላለፈበት የ6 ወር ሰው ነው። ኮፍያው ከጠበበው ይጮሃል፣ ካሳከከው አውልቆ ይጥላል፣ ከጣመው ያኝካል። ስንት ሌሊት እንደተደከመበት ቢነገረውም አይራራም።

ጣጣው የሚጀምረው ከመለካት፣ ይልቁንም ካለመለካት ነው። ኪሮሽ የሚሠሩ ሰዎች ስለ ሕፃን ጭንቅላት ያላቸው ግምት ሁለት ዓይነት ነው፤ ወይ የአሻንጉሊት ያህል፣ ወይ የአባትየውን ያህል። አዲስ የተወለደ ሕፃን የራሱ ዙሪያ 35 ሳንቲ ሜትር አካባቢ ነው። በ6 ወሩ 43፣ በዓመቱ ደግሞ 46 ገደማ ይደርሳል። ለአራስ ተብሎ የተጀመረው ኮፍያ እስኪያልቅ ልጁ ሌላ ሰው ሆኖ ይጠብቃል። ስለዚህ ከመጀመሪያው ለ6 ወር ልጅ መሥራት ነው። ኮፍያው ጨበጥ አድርጎ እንዲይዝ ከ43ቱ ላይ 3 ሳንቲ ሜትር ይቀነስና 40 ይሆናል፤ 40 ለ3.14 ሲካፈል 13 ሊሞላ ጥቂት ይቀረዋል፤ የአናቱ ክብ ስፋት ይሄው ነው። «አጭር» በሚባለው የኪሮሽ ጥልፍ 6 ጥልፍ ተብሎ ይጀመርና በየዙሩ 6 እየተጨመረ 12፣ 18፣ 24 እየተባለ ይኬዳል። ክቡ ልኩ ላይ ሲደርስ መጨመር ይቆማል፤ ከዚያ ከአናት እስከ ጠርዝ 16 ሳንቲ ሜትር እስኪሆን ዝም ብሎ መዞር ብቻ። ወሬ ጠልቆባት ቆጠራ የተወች ሰው ሥራዋ ከሩቅ ያሳብቅባታል። መጨመሩን ከዘነጋች አናቱ ሾጣጣ ይሆናል፤ ካበዛች ዳር ዳሩ ይንዘላዘላል። የተንዘላዘለውን «ሞዴሉ ነው» ማለት ደንብ ሆኗል።

ልብስ የሚሰፉትም ከዚህ አይሻሉም። የጥጥ ጨርቅ ከመቆረጡ በፊት ታጥቦ መድረቅ እንዳለበት የማያውቅ የለም፤ የሚያደርገው ግን ጥቂት ነው። ቀሚሱ መጀመሪያ ታጥቦ ሲወጣ ተሰብስቦ እምብርት ያሳያል፤ ጥፋቱም «ልጅቷ ቶሎ አደገች» ተብሎ በልጅቷ ይሳበባል። አንገትጌው ደግሞ ሌላ ጉድ ነው። የአራስ ልጅ ጭንቅላት የቁመቱን አንድ አራተኛ ያህል ስለሚይዝ፣ አንገቱን በአንገት ልክ የቀደደ ሰው ልጁን ሲያለብሰው ዳግመኛ ያስወልደዋል። መፍትሔው ትከሻው ላይ ከፍቶ በሚጫን ቁልፍ መዝጋት ነው፤ አለዚያ የፊቱንና የኋላውን ጨርቅ ትከሻ ላይ ማደራረብ። ከውስጥ የቀረ ያልታጠፈ የስፌት ጫፍ ቆዳ ይፍቃል። እንግዳው የሚያየው የውጩን ነው፤ ልጁ ግን የሚኖረው በውስጠኛው በኩል ነው።

እንግዳን ለማስደነቅ የሚደረገው ጌጥ ነው ዋናው አደጋ። ዶቃው፣ ሪባኑ፣ የእንቁ ቁልፉ፣ የጥንቸል አሻንጉሊቷ የሚያብረቀርቅ ዓይን፣ ሁሉም ለፎቶ ያምራሉ። ልጁ ግን ነገርን የሚመረምረው በአፉ ነው። ከ3 ዓመት በታች ላሉ ልጆች የሚሠሩ አሻንጉሊቶች የሚፈተኑበት ቱቦ አፉ 32 ሚሊ ሜትር ገደማ ይሰፋል፤ ሙሉ በሙሉ የገባበት ዕቃ ሁሉ ያንቃል ተብሎ ይጣላል። ስንቱ የኮት ቁልፍ እዚያ ውስጥ ይገባል! «የእኔ የጥንቸል ዓይን ከኋላው መቆለፊያ አለው» የሚሉ አሉ። መቆለፊያውስ ይይዛል፤ የኪሮሹ ሥራ ግን ሲጎተት ቀዳዳው ይሰፋና ዓይኑ ከነመቆለፊያው ሾልኮ ይወጣል። በጥቁር ክር ጠልፎ ዓይን ማበጀት አይሻልም? የኪሮሹን መርፌም ማሳነስ ነው፦ ክሩ ላይ የተጠቀለለው ወረቀት የመርፌውን ውፍረት 4 ሚሊ ሜትር ካለ በ3 ወይም በ2.5 ሲሠራ የተሞላው ጥጥ በየቀዳዳው አያጮልቅም። አንገት ላይ የሚታሰር ገመድ፣ ጣት የሚያስገባ ትልልቅ ቀዳዳ ያለው ብርድ ልብስ፣ ካልሲ ውስጥ የተንጠለጠለ ክር (እግር ጣት ላይ ተጠምጥሞ ደም ያግዳል) ሁሉም ይቅር። ደግሞ ዓመት ያልሞላው ልጅ ሲተኛ ያ የተደከመበት ብርድ ልብስም ኮፍያም አልጋው ውስጥ አይገባም። ይሄን ለሠሪዋ የሚነግር ደፋር ግን እስካሁን አልተገኘም።

ክሩን በተመለከተ ብዙ አልልም። ሱፍ በሙቅ ውሃ ሲታሽ ተጣብቆ ይኮማተራል፤ አክሪሊክ ካውያ ሲነካው ልፍስፍስ ይላል፤ ጸጉራሙ ክር ደግሞ ልጁ አፍ ውስጥ ይቀራል። እንቅልፍ ላጣች እናት «በቀዝቃዛ ውሃ በእጅሽ እጠቢው፣ እንዳትጨምቂው፣ ዘርግተሽ አድርቂው» ብሎ ሹራብ መስጠት የቤት ሥራ መስጠት ነው። በማሽን የሚታጠብ የጥጥ ክር ምን አጠፋ?

አንዳንዴ ግን ይሳካል። ልጁ ዓመት አልፎት ያችን ጥንቸል ይወዳታል፤ ጆሮዋን እያኘከ ይተኛል፣ እንድትታጠብ አይፈቅድም፣ መሽተት ትጀምራለች። ይሄኔ እናት ድምጿን ዝቅ አድርጋ ትመጣለች፦ «ልክ እንደሷ አንድ ብትሠሪልኝ?» እዚህ ላይ ነው የተጣለው የክር ወረቀት የሚታወሰው። ወረቀቱ ላይ ከቀለሙ ቁጥር ሌላ ክሩ በየትኛው ዙር እንደተነከረ የሚያሳይ ቁጥር አለ፤ ዙሩ ከተለየ ያው ተብሎ የተገዛው ክር ወይ ይደምቃል ወይ ይፈዛል። እንደምንም ተፈልጎ፣ ተመሳስሎ፣ አዲሷ ትመጣለች። ልጁ ይቀበላል፣ ያሸታታል፣ ይወረውራታል። ልምድ ያላቸው ሰዎች ከመጀመሪያው ሁለት ይሠራሉ፤ እኩል እንዲሸቱም በፈረቃ ያስይዙታል።