ኦቨኑ ግን አይጾምም

ዐቢይ ጾም ሊገባ ሁለት ሦስት ቀን ሲቀረው በባሕር ዳር ዓባይ ማዶ ከየግቢው የሚሰማው ድምፅ አንድ ነው። ድስት ይፈገፈጋል፣ መጥበሻ በአመድ ይታሻል፣ ቅቤ የነካው ማማሰያ የፈላ ውሃ ይወርድበታል። 55 ቀን ሙሉ የፍስክ ጠረን እንዳይኖረው የሚፈለግ ዕቃ ሁሉ ተራው ይደርሰዋል። ከዚህ ጣጣ የሚያመልጠው አንድ ዕቃ ብቻ ነው። በሩ ተዘግቶ፣ ላዩ ዳንቴል ለብሶ፣ የገናን ዶሮ አሮስቶና የጥምቀትን ድፎ፣ ያለፈውን ቅዳሜ የቆሮሶ ዓሣ ጭምር በሆዱ እንደያዘ ሑዳዴን የሚቀበለው ኦቨን።

የእኔው ኦቨን ያገለገለ ነው። ከተማ ለቅቀው ከሚሄዱ ሰዎች ስገዛው ከላይ ያሉት አራቱ ምድጃዎች ተወልውለው ያበሩ ስለነበር በሩን ከፍቼ ማየት ትዝ አላለኝም። የበሩን መስታወትማ ፋብሪካው ቡናማ አድርጎ የሠራው መስሎኝ ነበር። ቤት አስገብቼ ለመጀመሪያ ጊዜ ድፎ ስጋግርበት ኮባው መሽተቱ ቀርቶ የማላውቀው ሰው የጠበሰው ዓሣ ሸተተኝ። ጭሱ ከማድ ቤት አልፎ ሳሎን ገባ። በሩን ከፍቼ በስልኬ መብራት ወደ ውስጥ ሳይ ጣሪያው ላይ የተንጠለጠለ ጥቁር ጠብታ አየሁ፤ ሲንጠባጠብ ደርቆ የቀረ። በጥፍሬ ነካሁት፣ እንደ ድንጋይ ነው።

ምክር አልጠፋም። አንዱ «ጥለህ ሌላ ግዛ» አለኝ፣ የዕቃ ዋጋ ስንት እንደደረሰ ያልሰማ ሰው ነው። ሌላው ሱፐርማርኬት የሚሸጥ የሚረጭ ማጽጃ ጠቆመኝ። ሄጄ አገላብጬ አየሁት፣ ዋጋውንም አየሁ፣ መልሼ መደርደሪያው ላይ አስቀመጥሁት። ሦስተኛው ከስልክ ስልክ ሲዘዋወር የሰነበተውን ቪዲዮ ላከልኝ። በቪዲዮው አንዲት ሴት ቤኪንግ ሶዳ ትነሰንሳለች፣ አቼቶ ታፈስበታለች፣ አረፋው ኩፍ ይላል፣ በስፖንጅ አንዴ ጠረግ ስታደርገው ኦቨኑ ከፋብሪካ እንደወጣ ይሆናል። ሁለት ደቂቃ እንኳ አይሞላም።

ይህ ቪዲዮ ብዙ ሰው ሶዳና አቼቶ እንዲያባክን ስላደረገ ትንሽ ልናገርበት። ሶዳ አልካሊ ነው፣ አቼቶ ደግሞ ተቃራኒው፣ አሲድ ነው። ሁለቱ ሲገናኙ እርስ በርስ ይጨራረሳሉ። ያ ሁሉ አረፋ ለስላሳ ውስጥ ያለው ያው ጋዝ ነው፤ እሱ ሲበን ሳህኑ ላይ የሚቀረው ጨው የቀላቀለ ውሃ ነው። ቅባቱን ሊበላ የሚችለው ሶዳ አስቀድሞ ከአቼቶው ጋር ሲጣላ አልቋል። እልልታው ደምቋል፣ ሙሽራዋ ግን የለችም። አቼቶ ቦታ የለውም ማለቴ አይደለም። ሥራው መጨረሻ ላይ ነው፤ ሶዳው ተጠርጎ ሲያልቅ የሚቀረውን ነጭ ዱቄት የሚያነሣው እሱ ነው። ሎሚም ይሆናል።

ኦቨን ውስጥ የምናየው ጥቁር ነገር ዘይት ነበር፣ አሁን ግን ዘይት አይደለም። ቅባት ደጋግሞ ሲጋል እርስ በርሱ ተሳስሮ እንደ ቫርኒሽ ይደርቃል፣ ሲብስም ይከስላል። በሳሙና ውሃ የማይነሣው ለዚህ ነው። የሚያላቅቀው አልካሊ ነው። አልካሊ ቅባትን አግኝቶ ጊዜ ከተሰጠው ወደ ሳሙና ይለውጠዋል፤ ሳሙና ፋብሪካም የሚሠራው ይህንኑ ነው። ኃይለኛው አልካሊ በደቂቃ ይጨርሳል፣ ደካማው ሌሊቱን ይፈልጋል። የሱፐርማርኬቱ ጣሳ የሚሸጥልን ጥድፊያን ነው፤ የሚያስወድደውም እሱ ነው።

እኔ ሌሊት ነበረኝ። ሶዳ ልግዛ ብዬ ሰፈር ሱቅ ስጠይቅ ልጁ ሳያቅማማ ቤኪንግ ፓውደር ሰጠኝ። «ያው ነው» አለኝ። ያው አይደለም። ፓውደሩ ውስጥ ሶዳውን የሚያስነሣ አሲድ አብሮ ተቀላቅሎበታል፤ ለኬክ ይበጃል፣ ውሃ ሲነካው ግን እንደዚያ ቪዲዮ ራሱን በራሱ ይጨርሳል። ማሸጊያው ላይ «ሶዳ» የሚል እስካገኝ ሦስት ሱቅ ዞርሁ።

ማታ ሶኬቱን ነቀልሁ፣ የጋዙን ሲሊንደር ዘጋሁ፣ ፍርግርጎቹንና ትሪውን አወጣሁ። ግማሽ ኩባያ ሶዳ በሦስት አራት ማንኪያ ውሃ ለውሼ እንደ ቀጭን ሊጥ ሲሆንልኝ ግድግዳውን ልለጥፍ አንገቴን አስገባሁ። ጎረቤቴ ያሉት እናት የመጡት ያኔ ነው። ወንድ ልጅ ኦቨን ውስጥ ራሱን ከቶ ሲያገኙት መጀመሪያ አማተቡ።

«ምን ሆነህ ነው አንተ ልጅ?»

«እያጸዳሁ ነው እማማ።»

«በምን?»

ሊጡን አሳየኋቸው። ጣታቸውን ነከሩ፣ አሹት፣ የሶዳውን ጥቅል አንሥተው በእጃቸው መዘኑት። «ለዚህች ነው ገንዘብ ያወጣኸው? አመድ አጥተህ ነው?» ብለው ወጡ። ሲመለሱ በቆርቆሮ የሞላ የወይራ አመድና ወንፊት ይዘው ነበር።

እኒህ ሴት የኬሚስትሪ ክፍል አልገቡም፤ ያመጡት ግን ኬሚስትሪ ነው። የእንጨት አመድ ውስጥ ፖታሺየም ካርቦኔት አለ፤ ከሶዳው የጠነከረ አልካሊ ነው። ሙቅ ውሃ አፍስሰውበት፣ አዝቅጠው፣ ላዩን ያጠለሉት ውሃ ሻይ ይመስላል። ጣቴን ስነክረው አንሸራተተኝ። «ያ ነው» አሉኝ። ያ መንሸራተት የቆዳዬ ቅባት ወደ ሳሙና ሲለወጥ ነው፣ ስለዚህ ቶሎ ታጠብሁና ጓንት አጠለቅሁ። ፍርግርጎቹን ሳፋ ውስጥ አጋድመን በዚያ ውሃ ደፈቅናቸው። ትሪውን ሊጨምሩት ሲሉ ግን ከለከልኋቸው፤ አልሙኒየም ነው፣ አልካሊ ያጠቁረዋል፣ ቆይቶም ይበሳዋል። በዚህ ላይ አልተስማሙም። «ስንት ዘመን ድስት ያጠብሁበት!» አሉ። የእሳቸው ድስት ግን ሸክላና ብረት ነበር።

የተነፋውን አመድ በትንሽ ውሃ አርሰን በበሩ መስታወት ዙሪያ ላለው ብረት ተጠቀምንበት። ወንፊቱ ለይስሙላ አይደለም፤ አንዲት የፍም ፍርፋሪ ካመለጠች ኢናሜሉን፣ ብረቱን የለበጠውን ሽፋን፣ ትጭረዋለች፣ የተጫረ ቦታ ደግሞ ሌላ ጊዜ ምግብ የሚይዝበት ጥፍር ይሆናል። በሽቦ መፈግፈግ ያስቀየመኝም በዚሁ ነው። ሽቦ ዛሬ ያስደስታል፣ ዕዳው በሚቀጥለው ጥብስ ይመጣል። ማሞቂያው ሬዚስታንስና የበሩ ጎማ አይነኩም፤ እነሱን እርጥብ ጨርቅ ይበቃቸዋል።

እዚህ ላይ ስለ እጅ ልናገር፤ ለመጻፍ ያስነሣኝም እሱ ነው። ከዓመታት በፊት በተከራየሁበት አንድ ግቢ የቤት ሠራተኛ የነበረች ልጅ ነበረች። አከራዮቹ እንግዳ ሲመጣባቸው ኃይለኛ የኦቨን ማጽጃ ገዝተው ሰጧት። ጣሳው ላይ የእጅ ጓንት ሥዕል አለ፤ ጓንት ግን አብሮ አልተገዛም። ጽሑፉ እሷ በምታነበው ቋንቋ አልነበረም። ከሰዓት በኋላ ቧንቧው ሥር እጇን ውሃ ላይ ዘርግታ አገኘኋት፤ የጣቶቿ ቆዳ ነጭ ሆኖ ተነሥቷል። «ያቃጥላል እንዴ ጋሼ?» አለችኝ፣ እኔ የማውቅ መስሏት። እነዚያ ጣሳዎች ውስጥ ብዙ ጊዜ ያለው ኮስቲክ ሶዳ ነው፤ ስብን እንደሚበላ ሥጋንም ይበላል። ኦቨኑ በአንድ ሰዓት ጸዳ፣ እንግዶቹም አመሰገኑ። እጇ ግን ሳምንታት ፈጅቷል። ኃይለኛ ማጽጃ አትግዙ አልልም፣ የሚገዛ ሰው ግን ጓንቱን አብሮ ይግዛ፣ መስኮቱን ይክፈት፣ ከተቻለም ራሱ ይርጨው።

በረኪናም እንዲሁ። እኛ ዘንድ ንጽሕና ማለት የበረኪና ሽታ ሆኗል። በረኪና ግን ጀርም ይገድላል እንጂ የከሰለ ቅባት አያላቅቅም። ከአቼቶ ወይም ከሎሚ ጋር ሲቀላቀል ደግሞ ሳንባ የሚጎዳ የክሎሪን ጋዝ ይወጣዋል። የማድ ቤቶቻችን መስኮት ስንት ክንድ እንደሆነ የምታውቁት ነው።

ወደዚያ ሌሊት ልመለስ። ሊጡን ለጥፌ በሩን ዘጋሁና ተኛሁ። ጠዋት የተቀባው ቦታ ሁሉ ደርቆ ቡናማ ሆኗል። ጊዜው ባለፈበት የባንክ ካርድ ስገፋው እንደ እንጎቻ ቅርፊት እየተላጠ ወደቀ። ሁሉም አይደለም፣ ግማሹ። ለቀረው ጥልቅ ሳህን ውሃ ሞልቼ ኦቨኑን ለኮስሁት። እኛ ባለንበት 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ውሃ 94 ዲግሪ አካባቢ ስለሚፈላ እንፋሎቱ አያስጠብቅም። 2 ኪሎ ዋት የሚስብ ኦቨን ለግማሽ ሰዓት ቢሠራ የሚቆጥረው 1 ኪሎ ዋት ሰዓት ነው። በሃያኛው ደቂቃ መብራት ጠፋ። ከ2002 ዓ.ም. ጀምሮ የጣናን ውሃ በዋሻ ወስዶ እስከ 460 ሜጋ ዋት ማመንጨት የሚችለው የበለስ ኃይል ማመንጫ ያለው እዚሁ አጠገባችን ነው፤ በጨለማ የሚሰማን ቁጭት ግን ራሱን የቻለ ጽሑፍ ይፈልጋል። እንፋሎቱ ደግነቱ ሥራውን ጨርሶ ነበር። ሲበርድልኝ ሶዳውን ደግሜ ለጠፍሁ።

መስታወቱን በምላጭ ነው ያነሣሁት። መስታወቱ እርጥብ ይሁን፣ ምላጩ ጋደም ይበል፣ ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ ይገፋ። ቡናማው በረጅም ሪባን እየተጠቀለለ ሲወጣ የሚሰጠው ደስታ ለማያውቀው አይገለጽም። ከሥሩ ጥርት ያለ መስታወት ወጣ። ውስጥ አምፖል እንዳለም ያን ቀን ነው ያወቅሁት።

ጥቁሩን ዝቃጭ የት እንደምደፋ ግን አሰብሁ። የእኛ ግቢ ቦይ ክረምት ሲሞላ ወዴት እንደሚሄድ ለመገመት መሐንዲስ መሆን አይጠይቅም፤ መሬቱ የሚያዘነብለው ወደ ዓባይ ነው። በሐይቁ ዳር ደግሞ እምቦጭ የተባለው አረም ከታየበት ከ2004 ዓ.ም. ወዲህ የእኛ ቆሻሻና የማሳው ማዳበሪያ ሲቀልበው ታንኳ የሚቀዝፉት ሰዎች መንገድ አጥተው አይተናል። የአንድ ኦቨን ቅባት ዓባይን አይገድልም፣ ላጋንን አልፈልግም። ቅባቱን መጀመሪያ በጋዜጣ ጠርጎ ከደረቅ ቆሻሻ ጋር መጣል ግን ምንም አያስወጣም፤ ቦዩም በረጋ ስብ አይደፈንም። ያረጀ ጋዜጣ ከጠፋ የፍርኖ ዳቦ መጠቅለያ ወረቀት ይሆናል።

በድምሩ ያወጣሁት የሁለት ጥቅል ሶዳ፣ የአንድ ምላጭና የአንድ ጠርሙስ አቼቶ ዋጋ ነው፤ አቼቶውም ገና ግማሽ አለው። ጓንቱ ቤት ነበረ። አመዱ የጎረቤት ነው፣ እሱንም ጎረቤቴ በሌላ መልክ አስከፈሉኝ።

በማግስቱ መጥተው በሩን ከፍተው አጎንብሰው አዩ። ፍርግርጉን ወደ ብርሃን አንሥተው አገላበጡት። ጣሪያው በስተግራ ጥጉ ላይ ያቺ ጠብታ አሁንም አለች፤ ሁለት ሌሊት ሶዳ ጠጥታ ንቅንቅ አላለችም። በጣታቸው ጠቆሟትና ዝም ብለው አዩኝ። ለሚመጣው ቅበላ ትቆይ አልኋቸው። «እሱስ ይቆይ» አሉና ወንፊታቸውን አነሡ፤ «ሊጡን አቡክቼዋለሁ። ኮባውን ግን አንተ ታመጣለህ።»