የብራምብል ኬይ አይጥ ራሱን የቻለ ዝርያ ነው?

በአውስትራሊያ ሰሜናዊ ጫፍ፣ ከ5 ሄክታር በማትበልጥ ብራምብል ኬይ በምትባል ደሴት ላይ ሜሎሚስ ሩቢኮላ የሚባል አይጥ ይኖር ነበር። ለመጨረሻ ጊዜ የታየው እ.ኤ.አ. በ2009 ነው። በ2019 የአገሪቱ መንግሥት መጥፋቱን አወጀ። በኬፕ ዮርክ ከሚኖረው ዘመዱ ከሜሎሚስ ካፔንሲስ ለይተን እንቁጠረው? አንዲት የደሴ የባዮሎጂ መምህርትና ኮምቦልቻ በእህል መጋዘን ተባይ የሚቆጣጠር የቀድሞ ተማሪዋ ይከራከራሉ።

ከኮምቦልቻ፦ ቲቸር፣ ይህ አይጥ ለብቻው ዝርያ መባሉ አይዋጥልኝም። በ1924 ስም ያወጣለት ኦልድፊልድ ቶማስ በሕይወቱ ወደ 2,000 ለሚሆኑ እንስሳት ስም ሰጥቷል። ብዙዎቹ በኋላ ከሌላ ጋር ተጠቃለዋል። እኔ በየቀኑ አይጥ ነው የማየው። ከአንድ የጆንያ ክምር ሥር ከሚያዙት የቤት አይጦች አንዱ ጥቁር፣ አንዱ ቡናማ፣ ሌላው ሆዱ ነጭ ነው። ዝርያቸው ግን አንድ ነው። ጥቂት አይጦች ደሴት ላይ ተነጥለው እርስ በርስ ሲራቡ መልካቸው ቶሎ ይለወጣል። ይህ ብቻውን ዝርያ አያደርጋቸውም።

ከደሴ፦ ልጄ፣ በጸጉር ቀለም ከሆነ ልክ ነህ። ክርክሩ ግን እሱ ላይ አይደለም። የሩቢኮላ የጅራት ቅርፊቶች ጎርበጥ ጎርበጥ ያሉ ናቸው፤ ሲነኩት ይሻክራል። በኋላ የተደረገው የዘር ምርመራም የካፔንሲስ የቅርብ ዘመድ ቢሆንም የተለየ መሆኑን አሳይቷል።

የራሳችንን አስታውስ። በ1927 ከትንሹ አባይ አጠገብ አንድ የውኃ አይጥ ተያዘ። አሜሪካዊው የእንስሳት ተመራማሪ ኦስጉድ በ1928 ኒሎፔጋሚስ ብሎ የራሱን ወገን (ከዝርያ በላይ ያለውን ምድብ) ሰጠው። ሌሎች ግን ኮሎሚስ ከሚባለው ሌላ የአፍሪካ አይጦች ወገን ጋር ቀላቀሉት። በ2020 የወጣው ጥናት ከዚያው አንድ ናሙና ዲኤንኤ አውጥቶ መልሶ ለብቻው አቆመው። ተጠቃሏል ተብሎ ቢተው ኖሮ ይህን ማን ያውቅ ነበር?

የሚያንገበግበኝ ሌላም ነገር አለ። ባሕሩ ደሴቷን ደጋግሞ ሲያጥለቀልቃት የአይጡ ምግብም መጠለያም የነበረው ዕፅዋት ታጥቦ ሄደ። ሰው ባመጣው የአየር ንብረት ለውጥ ጠፋ የተባለ የመጀመሪያው አጥቢ እንስሳ እሱ ነው። ካፔንሲስ ነው ካልን፣ ካፔንሲስ በሕይወት ስላለ ምንም ዝርያ አልጠፋም ሊባል ነው!

ከኮምቦልቻ፦ እዚህ ላይ አልስማማም፣ ቲቸር። ስላዘንን ብቻ ዝርያ አንመድብም። ዋልያን ይውሰዱ። የኑቢያ አይቤክስ የሚባለው የዱር ፍየል ንዑስ ዝርያ ነው የሚሉ ተመራማሪዎች አሉ። እነሱ ትክክል ቢሆኑስ የስሜን ተራሮች ጥበቃ ይቀራል? ደግሞም ደሴቷ ከፓፑዋ ኒው ጊኒው የፍላይ ወንዝ አፍ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ነው የምትርቀው። እዚያ በደንብ ሳይፈለግ የደሴቷ ብቻ ነው ብሎ መዝጋት ልክ አይደለም።

ከደሴ፦ የፓፑዋውን እቀበልሃለሁ። ይፈለግ፣ ወጥመድ ይተከል። ቢገኝ ግን የተገኘው ሩቢኮላ ነው እንጂ ካፔንሲስ አይሆንም። ዋልያ ስንት ተቆርቋሪ አለው፤ ለዚህ አይጥ ግን ማን ይቆማል? ስሙ ይነሣ ያልከው አንተ ስለሆንክ ማስረጃውም ካንተ ይጠበቃል። የዘር ምርመራውን የሚያፈርስ ነገር አምጣልኝና እንደገና እንነጋገር።