የቡፌው ጎመን

አክስቴ ሮም ነው የምትኖረው። አምና መጋቢት ላይ ስትመጣ ለሁሉም ሽቶና ቸኮሌት ደረሰው፤ ለእኔ አንድ እሽግ ዘር። «ሮማኔስኮ ይባላል፣ የሮማ ጎመን ነው። ለእንቁጣጣሽ ስመለስ አየዋለሁ» ብላኝ ሄደች።

ጎረቤታችን እማማ ስኮተኩት በአጥሩ አዩኝ።

«ምን እየተከልክ ነው ልጄ?»

«ሮማኔስኮ ነው እማማ።»

«ሮማን? እሰይ! ስትደርስ እንዳትረሳኝ።»

በሳምንቱ ሰፈሩ በሙሉ ሮማን እንደተከልኩ ሰምቷል። ሦስት ሰው ለፍሬው ተራ ያዘ።

የሐበሻ ጎመን ጨዋ ነው። ትቀነጥሰዋለህ፣ መልሶ ያቆጠቁጣል። ይሄኛው ግን 60 ሳንቲሜትር በ60 ሳንቲሜትር መሬት ይዞ፣ ቅጠሉን እንደ ጃንጥላ ዘርግቶ፣ ችግኙ ከተተከለ ከሦስት ወር በኋላ የሚሰጥህ አንድ ራስ ነው። አንድ! እሱ ከተቆረጠ አለቀ። በአዲስ አበባ የመሬት ዋጋ ካሰላነው ከቁርጥ ይወደዳል። ስድስት ችግኝ ነበረኝ። አመድ ብነሰንስም ሁለቱን አባጨጓሬ፣ ሁለቱን ቀንድ አውጣ፣ አንዱን ደግሞ ባለቤቱ ያልታወቀ በግ በላብኝ።

የተረፈው አንዱ ነሐሴ መግቢያ ላይ ራስ አወጣ። እውነት ለመናገር አፌን ከፍቼ ቀረሁ። ፈካ ያለ አረንጓዴ ነው። ቁንጮ ላይ ቁንጮ፣ በዚያች ላይ ደግሞ ሌላ ቁንጮ፤ ትንሿ ቁንጮ ትልቋን ነው የምትመስለው። ልጄ ጠመዝማዛ መስመሮቹን ቆጠረች፤ በቀኝ 13፣ በግራ 8።

ለምን እንዲህ ሆነ ብዬ አነበብኩ። እ.ኤ.አ. በ2021 የፈረንሳይ ተመራማሪዎች ምስጢሩን አውጥተውታል። እያንዳንዷ እንቡጥ አበባ ልሁን ብላ ትነሳለች፣ ሳይሳካላት ግንድ ሆና ትቀራለች። ያቺ ግንድ ደግሞ አበባ ልሁን የሚሉ ሌሎች እንቡጦች ታወጣለች። እነሱም አይሳካላቸውም። የሰፈራችን የመንገድ ኮሚቴ ትዝ አለኝ። ኮሚቴው ንዑስ ኮሚቴ ወለደ፣ ንዑሱ አጣሪ ወለደ። መንገዱ እስካሁን ጭቃ ነው። ልዩነቱ የእኛ ኮሚቴ ፎቶ ላይ አያምርም።

ጎመኑ ግን ፎቶ ላይ አማረ። ቤታችን የመጣ ሰው ሁሉ ቡና ከጠጣ በኋላ ጓሮ ይወሰዳል፤ ዝናብ ካለ ጃንጥላ እይዛለሁ፤ ለጎመኑ ነው፣ ለእንግዳው አይደለም።

«ፍልሰታ ገብቷል፣ ልቁረጠው?» አለች ባለቤቴ።

«አንቺ ደግሞ! አክስቴ ሳታየው?»

ምንም አልመለሰችም። ቡፌውን ብቻ ዞር ብላ አየችው። ለሠርጋችን የተሰጡን 12 ብርጭቆዎች እዚያ ውስጥ ተደርድረዋል። 11 ዓመታቸው ነው፣ ውሃ ነክቷቸው አያውቅም። ለእንግዳ ናቸው። የትኛው እንግዳ እንደሆነ እስካሁን አልታወቀም። ለእንግዳ የሚሆን ጎመን ግን ከብርጭቆ የተለየ ጠባይ አለው፤ አይጠብቅም።

ከፍልሰታ ፍቺ በኋላ ቁንጮዎቹ ላላ ላላ አሉ። «ሲያድግ ነው» አልኩ። ጳጉሜ ላይ ተዘረጋጉ። በእንቁጣጣሽ ዋዜማ ኮሚቴው ውሳኔ አሳለፈ፤ ጎመኑ ቢጫ አበባ ሆኖ አደረ።

አክስቴ ሻንጣዋን ሳታስቀምጥ ጓሮ ገባች። «ይሄን ያህል ጊዜ ምን ትጠብቅ ነበር?»

«አንቺን።»

ባለቤቴ ከግንዱ ቆርጣ አነሳችውና «የጎመን ምንቸት ውጣ፣ የገንፎ ምንቸት ግባ» አለች፤ በጣም ከልቧ ነበር። ልጄ ከእጇ ተቀብላ ከአደይ አበባ ጋር አሰረችውና አበባዮሽ እያለች ለእማማ ወሰደችላቸው።

በማግስቱ እማማ ቤት ቡና ተጠራን። ሮማኔስኮዬ ውሃ በሞላ ብርጭቆ ተነክሮ ቡፌያቸው ላይ ቆሟል። ብርጭቆው አዲስ ነው፤ ከነወረቀቱ።

«ሮማኗን አየሃት?» አሉኝ።