ያን ማታ የሳቅነው ሳቅ

ወገኖቼ፣ ዘንድሮ ለፋሲካ ዱባይ ውስጥ፣ በአንዲት ጠባብ ቤት የሳቅነውን ሳቅ ይቅር ልለው አልቻልኩም። የምወቅሰው ቤቱ ውስጥ የነበርነውን አስራ ምናምን ሰዎች ብቻ አይደለም። ብትኖሩ እናንተም ትስቁ ነበር፣ አውቃችኋለሁ።

ከእኔ ጋር ሆቴል ላውንደሪ የምትሠራ ፊሊፒናዊት ጋብዤ ነበር። ሃምሳዎቹን የዘለለች ሴት ናት፤ እንደ አገሯ ልጆች «አቴ» እንላታለን፣ እህታለም እንደማለት። ዶሮ ወጡ እያላባት በላች። ከዚያ እንደተለመደው የአገር ቤት ወሬ ተነሳ። አንዱ «እኔ እስከ ልጅ ልጄ አልምራቸውም» አለ። ምን አለ ስትለኝ ተረጎምኩላት። ትንሽ ዝም ብላ ስለ ኤልፒዲዮ ኪሪኖ አወራችን።

ኪሪኖ ፊሊፒንስ በፈረንጆቹ 1946 ነፃ ከወጣች በኋላ ሁለተኛው ፕሬዚዳንቷ ነበር። አባቱ የወህኒ ቤት ጠባቂ ስለነበር የተወለደው ቪጋን ከተማ እስር ቤት ውስጥ ነው። በ1945 መጀመሪያ አሜሪካኖች ዋና ከተማዋን ማኒላን ከያዟት ጃፓኖች ሊያስለቅቁ ሲገቡ ጃፓኖቹ ሰላማዊውን ሕዝብ ይጨፈጭፉ ጀመር። በአንድ ወር ውጊያ 100,000 ገደማ ነዋሪ አለቀ። ኤርሚታ የሚባለው ሰፈር ውስጥ ሚስቱ አሊሲያና ከአምስት ልጆቹ ሦስቱ ተገደሉ። ትንሿ ፌ አንጀላ ገና የሁለት ዓመት ልጅ ነበረች።

ይሄው ሰው በ1953 ታሞ አሜሪካ ሆስፒታል ተኝቶ ሳለ፣ በጦር ወንጀል ተፈርዶባቸው ማኒላ አቅራቢያ ለታሰሩ ከ100 በላይ ጃፓኖች ምሕረት አደረገ። ሞት የተፈረደባቸውም ነበሩባቸው። እነዚህን ሰዎች ይቅር ለማለት የመጨረሻው ሰው መሆን የነበረብኝ እኔ ነበርኩ፤ ግን ልጆቼና ሕዝቤ ጥላቻ እንዲወርሱ አልፈልግም ነው ያለው ባጭሩ።

መልአክ አልነበረም። የ1949ኙ ምርጫው በማጭበርበር ይነሳል፣ መንግሥቱም በሙስና ይታማ ነበር። የወርቅ ፖፖ አለው እየተባለም ተወርቶበታል (ይህን ስትነግረን አቴ ራሷ ሳቀች)። ከዚያ ቶኪዮ፣ ሂቢያ ፓርክ ውስጥ የቆመለትን መታሰቢያ ከስልኳ ላይ አሳየችን።

ስልኩ እጅ በእጅ ሲዞር አንዱ በአማርኛ «ሚስቱን አይወዳትም ነበር በላታ!» አለ።

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። እኔም ሳቅኩ፣ ጥርሴ እስኪታይ። አቴ እየተገላመጠች «ምን አለ?» አለችኝ። «ትልቅ ሰው ነበር ነው ያለው» አልኳት። አመሰገነችው!

ምን ሆነን ነው? አቡነ ዘበሰማያት ደግመን፣ «እኛም የበደሉንን ይቅር እንደምንል» ብለን እጃችንን ሳንታጠብ። ሙታናችሁን እርሱ አላልኩም። ኪሪኖም የረሳ አይመስለኝም። ገዳይ አይጠየቅ አላልኩም፣ እነዚያም ፍርድ ቤት ቀርበው ነው የታሰሩት። ግን ጥላቻን ለልጅ እንደ ጉርሻ እያጎረስን ነው።

ምክንያቱም ሳቁ ሲበርድ የባለቤቱ የዘጠኝ ዓመት ልጅ «አባዬ፣ እኛ ማንን ነው የማንምረው?» ብሎ ጠየቀ። አባቱ ወጥ በነካው ጣቱ ይቆጥርለት ጀመር። አንድ። ሁለት። አምስት ደርሶ ወደ ሌላኛው እጁ ሲሻገር አንዳችንም ተው አላልነውም። ሌላ ጊዜ ስለ ሰላም ስጽፍ የምውለው እኔም ጠላዬን እየጠጣሁ አየሁት።

ልጁን ትናንት ደረጃው ላይ አገኘሁት። «የዛ ሰውዬ የተረፉት ሁለቱ ልጆችስ?» አለኝ። ቪክቶሪያ የምትባለው በእናቷ ቦታ ሆና ቤተ መንግሥት እንግዳ ትቀበል እንደነበር ነገርኩት። «እሷስ ማረቻቸው?» አለ። አቴን እጠይቅልሃለሁ አልኩት።

አቴን ለመጠየቅ ግን መጀመሪያ ያን ማታ በምን እንደሳቅን ልነግራት ነው። እሁድ አስር ሰዓት ላይ ከሥራ ትወጣለች። አብሮኝ የሚመጣ ካለ በር ላይ እጠብቃለሁ። ባይመጣም ያው እሄዳለሁ፣ መሰለኝ።